በየትኛው እጁ ነው የያዘህ?

ይድረስ ለልጄ፤ ከወጣህበት በሰላም የሚያወርድህ አምላክ አይለይህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔን ግን ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ሰው አገር ሄደህ የያዝከውን ሥራ በላክኸው ቪዲዮ አየሁት፤ ዛፍ ጫፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥለህ ቅርንጫፍ ትገዘግዛለህ። አባትህ፣ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ መውጣት የሚፈራው ሰውዬ፣ «የኔ ጀግና!» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳያል። እኔ ግን እህትህን «ማን ነው የቀረጸው?» አልኳት።

«ከታች ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት ጓደኛው ነዋ!» ብላኝ እርፍ።

ታዲያ በየትኛው እጁ ነው አንተን የያዘህ? ደሜ ፈላ! እንዲህ ያለ ጓደኛ ጥንቅር ይበል! አንተስ ብትሆን፣ እላይ ተሰቅለህ እጅህን ታውለበልብለታለህ?

ዕድሜህን ያርዝመው፣ የኔ ዓለም። አንድ ነገር ልለምንህ፤ ከመውጣትህ በፊት የዚያን ጓደኛህን ስልክ ተቀበልና ኪስህ ክተት። ከተቆጣ፣ «ገመዱ ላይ እናቴም አብራኝ ተንጠልጥላለች» በለው።