«ይቻላል» ያልኩት ሕመም

ከከተማው ሆስፒታል፣ ኦገስት 19 ቀን 2019

ውድ ልጄ ፍሉሪን፣

እዚያ ኒውዚላንድ አሁን ብርዱ የሚጠናበት ወር ስለሆነ ደረትህን ሸፍነህ እንደምትወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጽሑፌ የተጣመመው ተጋድሜ ስለምጽፍ ነው፤ እጄ አልተጎዳም። የተጎዳው ቀኝ እግሬ ነው። ጎረቤታችን ኩርዲን በስልክ ምን ብሎ እንዳስደነገጠህ አላውቅም። እሱ አንድ ነገር ሲያወራ ሁለት ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ከእኔ ስማ።

ባለፈው ማክሰኞ በላይኛው ተዳፋት ላይ ድርቆሽ እየሰበሰብን ነበር፤ ኩርዲን ከታች፣ እኔ ከላይ። ሶሉ ላይ የብረት ሹል ያለውን፣ እንዳያንሸራትት የተሠራውን ጫማዬን አድርጌ ነበር፤ አላደረግሽም እንዳትለኝ። ሣሩ ከሥሩ እርጥብ ኖሮ ተንሸራተትኩና ድንጋይ ላይ አረፍኩ። ጭኔ ከመሃሉ ተሰብሮ እግሬ ወደማይዞርበት ዞረ። ኩርዲን እያለከለከ ሲደርስ የታመመው እሱ ይመስል ነበር።

«መንጂያ! ሞትሽብኝ እንዴ?»

«ብሞት መች እመልስልህ ነበር? ይልቅ ስልክህን አውጣ።»

ሄሊኮፕተሩ ማረፊያ ስላልነበረው ዶክተሯን በገመድ አወረዳት። ነፋሱ የጠዋት ድካማችንን፣ ያን ሁሉ ድርቆሽ፣ ወደ ገደሉ በተነው፤ ከስብራቱ ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው። ዶክተሯ ላዲና ትባላለች፤ የወዲያኛው ሸለቆ ልጅ ናት። አጠገቤ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?»

«ስሜ ወይዘሮ መንጂያ ነው። ሕመሙ ይቻላል።»

«ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

«ሦስት።»

ፊቴን ሳይሆን እጄን አየች። በሁለቱም እጆቼ ሣር ከነሥሩ ነቅዬ ጨብጬ ነበር።

«ወይዘሮ መንጂያ፣ የእኔም አያት ‹ይቻላል› ነበር የሚሉት። ሐሞታቸው ሊፈነዳ ደርሶ ድንች ሲልጡ አገኘናቸው። ‹እንዴት ነዎት?› ስንላቸው ‹ይቻላል›።»

ኩርዲን ሳቀ። በዚያ ሰዓት መሳቁን ገና አልተውኩለትም።

ከዚያ ዶክተሯ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ልስጥዎ አለችኝ። እንዴት እንዳደግን ታውቃለህ። ትምህርት ቤት ሳለን እማሆይ ቤኔዲክታ፣ ሕመም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እንጂ ለሰው የሚነገር አይደለም ብለው ነው ያስተማሩን። እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላም ነበር። መድኃኒቱ ሳላስበው የልቤን እንዳያናግረኝ ፈራሁ። «ምንም አልወስድም» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። ጫማዬን በመቀስ ቀድዳ እግሬን ዳሰሰች። ጣቶቼ እንደ ሻማ ነጥተው ነበር። ያኔ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ደም ወደ እግርዎ በደንብ እየወረደ አይደለም። አጥንቱን አሁኑኑ ስቤ ካላቃናሁት እግሩን ልናጣው እንችላለን። ማስታገሻ ሳልሰጥዎ ብስበው ደግሞ ጡንቻዎ በሕመሙ ተኮማትሮ አይለቅልኝም።»

«ለምቾት አይደለማ?»

«ለሥራው ነው። ለምቾት ቢሆንም ነውር አልነበረውም።»

ለሥራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። «እንግዲያው አስተካክለሽ ስሪው» አልኳት።

መጀመሪያ በአፍንጫዬ አንድ ነገር ረጨችልኝ። ጥቂት ቆይታ ክንዴ ላይ መርፌ ሰካችና ሌላውን ጥቂት በጥቂት፣ ትንፋሼን እየተከታተለች ሰጠችኝ። «አሁን የሚወዱት ቦታ ያስቡ፤ እዚያ ነው የሚሄዱት» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሐኪም ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወጥ ቤቴን መረጥኩ።

ሕመሙ ጠፋ ብዬ አልዋሽህም። ከላዬ ተነሥቶ ማዶ ሄዶ ተቀመጠ፤ እንደማላውቀው መንገደኛ ከሩቅ አየሁት። አጥንቱን ስትስበው አንድ ሰው ጮኸ። የጮኸው ኩርዲን ነው። ከዚያ ዶክተሯ «ቀሉ! ጣቶቹ ቀሉ!» ስትል ሰማሁ፤ እንደ ሕፃን ነበር የተደሰተችው።

ኩርዲን ደግሞ በዚያ መሃል «ፍሉሪን፣ ና ግባ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» እያልኩ ስጣራ ነበር ይላል። ደጋግሜ፣ በገመድ እስክሳብ ድረስ። ኩርዲን ሁለት መጨመር እንደሚወድ ነግሬሃለሁ።

እናቴ፣ አያትህ፣ እንደኔው ጭኗ ተሰብሮ ድርቆሽ በሚጎተትበት የእንጨት መንሸራተቻ ተጭና ከተራራው የወረደች ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ቆዳ ቀበቶ ነክሳ አንዲት ድምፅ ሳታወጣ ወረደች፤ ሸለቆው ሁሉ ጀግና አላት። እኔ ግን በር ሥር ቆሜ ፊቷን አይቻለሁ። ላዲና አጠገቧ ብትኖር ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ! እግዚአብሔር ያችን ልጅ ይባርካት፤ ገመዱን የያዘውንም፣ ሄሊኮፕተሩን በነፋስ ላይ እንደ ዕቃ አቁሞ የጠበቀውንም። በዕረፍት ቀኗ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እጇን ስሜ አመሰገንኳት፤ ጥፍሯን ግን ብትቆርጠው ጥሩ ነው፤ ነገርኳት።

እግሬ ውስጥ ብረት ገብቷል። ትናንት በምርኩዝ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። ከመነሣቴ በፊት ነርሷ መድኃኒቱን ይዛ ስትመጣ ሳትጠይቀኝ እጄን ዘረጋሁ።

ፍየሎቹን ኩርዲን ወስዷቸዋል፤ ለመጪው የብርድ ወራት ብቻ ነው። አልጋዬንም ወደ ምድር ቤት እንዲያወርደው ነግሬዋለሁ። የአውሮፕላን ጉዞ ረጅም እንደሆነ፣ ሥራህም እንደማያስወጣህ አውቃለሁ፤ ስለ እኔ ብለህ እንዳትቸገር። የአንተ ክፍል ግን ላይ ቤት ነው። ደረጃውን እንግዲህ አልወጣውም፤ መስኮቱን እየከፈተ ክፍልህን የሚያናፍስልኝ ሰው የለም።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ደጅህም ማዕድህም ሰላም ይሁን።

እናትህ
መንጂያ