የእማማ ጥፊ በስብሰባ አዳራሽ

አብሮ አደጌ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ክብሬ ግን ታሟል።

ትናንት ያንን ስጽፈው የከረምኩትን የስክሪን ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒዩተርን ከስክሪን ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ስብሰባ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ ላሳይ መድረክ ወጣሁ። ሥራው እንዲህ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ሥርዓት እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ተቀምጦ፣ ምስሉን ግድግዳ ላይ የሚያበራውን ፕሮጀክተር «ስንት በስንት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ የግራፊክስ ካርዱን ሜሞሪው ላይ የተሳለውን ምስል እያነበበ በኬብሉ እንዲልክ ያዝዘዋል። ኬብሉን ሰካሁ። ግድግዳው ድቅድቅ ጨለማ!

አዳራሹ ሙሉ ድራይቨር ጸሐፊ ነው፤ ሁሉም ከርነሉ ላይ ዘመተ። ላፕቶፔ «ስክሪኑ ተገናኝቷል፣ ምስሉ እየሄደ ነው» ይላል። «ይዋሻል!» አለ አንዱ። «ከሥሩ እንደገና እንጻፈው» አለች ሌላዋ። እኔ የድራይቨሩ አባት ተብዬውም «ድሮም አላምነውም ነበር» ብዬ ካድኩት።

እናንተ ቤት ቴሌቪዥኑ ሲጨልም እማማ በጥፊ ነው የሚያናግሩት፤ ስንቴ ስቄባቸዋለሁ! ተስፋ ስቆርጥ እኔም እንደ እሳቸው ፕሮጀክተሩን በጥፊ አጮልኩት። የሌንሱ ክዳን ተፈናጥሮ ሊቀመንበሩ ጭን ላይ አረፈ። ለካ ክዳኑን ያነሳ ሰው የለም! ግድግዳው ቦግ አለ፤ በር በሚያህል ፊደል «ስክሪኑ ተገናኝቷል፣ ምስሉ እየሄደ ነው» ይላል። ምስኪን ድራይቨሬ፣ እውነቱን ሲናገር ነው የዋለው።

ፖስት ካርዱ አለቀብኝ፣ ፊደሌም ጉንዳን አከለ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ። የእማማን እጅ ሳምልኝ፤ ቀኙን፣ ቴሌቪዥኑን የሚመቱበትን።