የሙሴ አንሪ ሰባት ቤት

ውድ መቅደስ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

እህቴ መንበረ እዚሁ አቅራቢያችን ካስትሮ ቫሊ ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባቸው የነበሩት ፈረንሳዊ ሽማግሌ፣ ሙሴ አንሪ፣ ትናንት ተቀበሩ። የመኳንንት ዘር ናቸው፤ ልጅ ስላልነበራቸው ኮንት የሚለው ማዕረግ በእሳቸው አበቃ። አባቶቻቸውን እስከ ሰባት ቤት ሁልጊዜ ይቆጥሩላት ነበር።

ቀብሩ ላይ ከቄሱ ሌላ እኔና መንበረ ብቻ ነበርን። እኛ አገር ቢሆን አልቃሽ ዘራቸውን እየጠራች ሰዉን ታስለቅሰው ነበር። ቄሱ "የሚናገር ዘመድ አለ?" ሲሉ መንበረ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለች።

"ኮንት አንሪ፣ የኮንት ሉዊ ልጅ፣ የኮንት አርማን የልጅ ልጅ…" እያለች ስድስት ቆጠረች። ሰባተኛው ጠፋባት።

"ይቅር በሉኝ ሙሴ፣ ረሳሁት" ብላ ተንሰቀሰቀች። አሁን ማን ይጠየቃል?

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ስመጣ የአባቶቹን ስም እንዲነግረኝ ለምኚልኝ።

ፀደይ፣ ከኦክላንድ