ሁለቴ የተቆጠረችው አንድ አሥራ ስድስተኛ

ለተከበሩ የሠራተኞች ዝውውር ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር፣ በተለይም በየቀኑ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረዋቸው ከሚያድሩት ከባለቤትዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ጤና በዕጣ ስለማይታደል፣ ደህና ነኝ።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ለጀማሪ ተማሪዎች ስታቲስቲክስ የማስተምረው መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ከተጋባን ጀምሮ እኔ በአንድ ከተማ እሷ በሌላ ከተማ ስንሠራ፣ ትዳራችን «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ስለቆየ፣ ባለፈው ዓመት እኔ ወደ እሷ፣ እሷም ወደ እኔ ለመዛወር አመለከትን። ውጤቱን ተከትሎ ያደረብኝን ምስጋና በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዕጣው ግልጽነት አመሰግናለሁ። ለእያንዳንዱ አመልካች አራት የታጠፉ ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ይገቡና አንድ ይወጣል፤ ከአራቱ አንዱ «ተዛውረዋል» ይላል፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። የእኔ አራት ከእሷ አራት ጋር ሲጣመር አራት ጊዜ አራት፣ አሥራ ስድስት መንገድ ይሆናል። በዘጠኙ ሁለታችንም ባለንበት እንቀራለን። በስድስቱ አንዳችን ብቻ ተዛውረን እንገናኛለን። በአንዷ ግን ለሁለታችንም ይደርሰንና ቦታ ተቀያይረን እንደገና እንለያያለን።

ሁለተኛ፤ ይህችን አንዷን መንገድ ፈርቼ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ለሁለታችንም ከደረሰ የአንዳችን ይሰረዝልን ብዬ ስለምንዎ በትዕግሥት ስላዳመጡኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ያን ቢፈቅዱ ስድስቱ ሰባት በሆነልን ነበር፤ ቢሮዎም አንድ ወረቀት ከመቅደድ በቀር ምንም ወጪ አልነበረበትም። እርስዎ ግን እያንዳንዱ ዕጣ ራሱን የቻለ መሆኑን አስረድተውኝ፣ ሩብን ከሩብ ደምረው፣ «ግማሽ በግማሽ ትገናኛላችሁ፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ክቡርነትዎ፣ መደመሩስ ይደመራል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረው ሊደርሱ የሚችሉ ሲሆን የጋራቸው ሁለቴ ይቆጠራል። ያ የጋራ ደግሞ ለእኛ መለያያ እንጂ መገናኛ ስላልሆነ ከሁለቱም ሩብ መውጣት ነበረበት። ያቺ እርስዎ ሁለቴ የቆጠሯት አንድ አሥራ ስድስተኛ እኔና ባለቤቴ ነን።

ሦስተኛ፤ በአንድ ቀን ስለደረሱን ሁለት «እንኳን ደስ አለዎት» የሚሉ ደብዳቤዎች እናመሰግናለን። ዕጣ ደርሶት እምቢ ያለ ከሥራው ይሰናበታል የሚል መመሪያ ስላለ፣ በደስታ ብዛት ዕቃችንን ሸክፈን ተነሣን። ደግነቱ አውቶቡሶቻችን ለምሳ አንድ ቦታ ቆመው ነበርና ከአንድ ሳህን በላን። ቁልፏን ሰጠችኝ፣ ቁልፌን ሰጠኋት። የእሷ ሾፌር ቀድሞ ጥሩምባውን ነፋ።

አራተኛ፤ ስለ መኖሪያዬ። አሁን የምኖረው ባለቤቴ በለቀቀችው ክፍል ውስጥ ነው። ጋወኗን ትሰቅልበት የነበረው ሚስማር ግድግዳው ላይ አለ፤ ኮቴን ልሰቅልበት ብል እጄ እምቢ አለኝ። ባለቤቴን «ሲስተር» እያሉ የሚወዷት አከራይዋ እናት እኔን «የሲስተር ባል» ይሉኛል፤ በሩ ላይ ባገኙኝ ቁጥርም «ልጄ፣ ሲስተርን መቼ ነው የምታመጣት?» ይሉኛል። እርስዎ እንዳስረዱኝ አድርጌ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ሳቁና ወዲያው ደግሞ አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ባለቤቴ ደግሞ በስልክ፣ ፍራሼ በተኛሁበት በኩል ጎድጉዶ ስላገኘችው እዚያችው ጎድጓዳ ላይ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ድሮ የራሴ ብቸኝነት ነበረኝና ለምጄው ነበር፤ አሁን የምኖረው በእሷ ብቸኝነት ውስጥ ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለእኔ እንዴት እንዳመሸች ሁሉ ገባኝ፤ ይህ ከራሴው በላይ ከበደኝ። ከሁለት ያጣ ማለት እኔ ነኝ።

ደግሞ ሳልረሳው፣ ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ ማስተማሪያ የሚሆን ምሳሌ ስላበረከቱልኝም አመሰግናለሁ። ሰሌዳው ላይ ስም ሳልጠቅስ ስለ አንድ ባልና ሚስት ጻፍኩ፤ አሥራ ስድስተኛዋ መንገድ ላይ ስደርስ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ ሳትስቅ፣ «መምህር፣ ከዚያስ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ደወሉ እስኪደወል ሰሌዳ ስጠርግ ቆየሁ።

ክቡርነትዎን ከባለቤትዎ የሚለይ ዕጣ ከቶ እንዳይወጣብዎ እየተመኘሁ፣ ይህን በሚስቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ የጻፍኩልዎ፣ የቢሮዎ የሁለት እጥፍ ዕድለኛ፣

የስታቲስቲክስ መምህሩ

ማስታወሻ፦ የዘንድሮው ዕጣ ተቃርቧል። ባለቤቴ አንዳችን ብቻ እናመልክት ትላለች። ሁለታችንም ብናመለክት የመገናኘት ዕድላችን ከአሥራ ስድስት ስድስት፣ አንዳችን ብቻ ብናመለክት አራት እንደሆነ በስልክ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ይነስ፤ እኔ እዚሁ ልጠብቅህ» አለችኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ዘንድሮ ለቢሮዎ አንድ ማመልከቻ ብቻ ይደርሰዋል፤ የደስታ ደብዳቤ መጻፍም ቢያስፈልግ አንድ ይበቃል። ባዶው ወረቀት ሦስት መሆኑን አልረሳሁም። ከደረሰኝ ግን በሩን ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው አለ።