የኋላ ጎማው ጩኸት

መስከረም 20

መኪናዋን ያበላሻት ፈቃደ ነው። ሌላ ማን ይሆናል? የልጄ የሔራን ባል። ለመስቀል ቡኢ ወላጆቹ ዘንድ ሲሄዱ የሟቹን ባሌን መኪና ሰጠሁት። ድምፅ ያልነበራት መኪና ሲጥ... ሲጥ... እያለች ተመለሰች። ከኋላ፣ በግራ ጎማ በኩል። ዛሬ ገበያ ሲያደርሰኝ መንገደኛው ሁሉ እየዞረ አየን።

ገመዴንም ጎድቶብኛል። ለወላጆቹ የላክሁትን ቆጮ በጣሪያዋ ፖርቶመጋላ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ጫፉን እንደ ልማዴ ሁለቴ ቋጥሬ። የተረፈውን በቢላ ልቁረጠው ሲል ከለከልኩት። ቃጫ ይቆረጣል እንዴ? ነገ ሌላ ጭነት ያስራል። ይዞልኝ የመጣው ግን ግማሹን ነው። "እማማ፣ እኔ አልቆረጥኩትም። ስንደርስ አጥሮ ነው ያገኘነው" ይላል።

ገመድ በራሱ ያጥራል?

መስከረም 21

እሁድ የመኪናዋን ቁልፍ ከእሱ እቀበላለሁ ብዬ ለሔራን ነገርኳት። የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ተነሳች። "ከተቀበልሽው ደጅሽን አይረግጥም። እኔም ያለ እሱ አልመጣም" አለች።

ደነገጥኩ። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

መስከረም 22

ጠዋት ዘነበ። መካኒኩ ሙባሪክ ዘንድ ሄድን። በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን በእጁ አሽከረከረ... ምንም። የፍሬን ሸራው ነው? ኩሽኔታው ነው? ሳላውቅ አልፈታም አለ። መቼ መቼ እንደምትጮህ ጻፉልኝ ብሎ ወደ ፈቃደ ዞረ። አስተማሪ ስለሆነ መሰለኝ።

እኔ እጽፋለሁ አልኩ።

"እርስዎ፣ እማማ?" አለ ሙባሪክ።

አዎ እኔ። ባሌ የመጣለትን ደብዳቤ እንኳ አያሳየኝም ነበር። ምን ታደርጊበታለሽ ይላል። እሱ ካረፈ በኋላ ነው በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት። ይኸው ለመኪናዋ ሆነ።

መስከረም 23

ደረቅ ቀን። ጮኸች። ፍሬን ሲይዝም ሳይዝም። ሲታጠፍም ሳይታጠፍም። ሲፈጥን ጩኸቱም ይፈጥናል።

መስከረም 24

ዝናብ። ዝም። ጭራሽ ዝም።

መስከረም 25

ረፋድ ላይ ጮኸች። ድልድዩ አጠገብ የተኛ ውሃ ውስጥ አለፍን፣ ዝም አለች። ከሰዓት ፀሐይ ጠነከረ፣ እንደገና ጀመራት። ውሃ የሚያድነው ምን ዓይነት በሽታ ነው? ጮክ ብዬ ጠየቅሁ መሰለኝ፣ ፈቃደ ሳቀ። እኔም... ትንሽ።

መስከረም 26

የጻፍኩትን ለሙባሪክ አነበብኩለት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። "ይሄ ብረት አይደለም እማማ። የሚርስና የሚደርቅ ነገር ገብቷል" አለና ጎማውን ፈታው።

ከጀርባው የጠቆረ ነገር ተጠምጥሟል። ሲመዘው አላልቅ አለ። ቃጫ! ሙባሪክ መኪናዋ ቆጮ ንግድ ጀምራለች እንዴ ብሎ ቀለደ። ጫፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። የኔ ቋጠሮ። በሌላው በኩል ተበጥሷል እንጂ አልተቆረጠም።

አይቆረጥም ያልኩት ትርፍ ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ ጎማው ስቦታል።

ፈቃደ ገመዱን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ቤት ድረስ ጆሮዬን አቁሜ ሄድኩ... ፀጥታ። እንዴት ደስ ይላል።

በር ላይ ቁልፉን ዘረጋልኝ። እሁድ ነዋ።

"ያዘው። ሔራን ምጥ ሲይዛት በምን ልታደርሳት ነው?" አልኩት።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እዚህ ስጽፈው እንኳ ቀላል ነው፣ ከአፌ መውጣቱ ነው ያቃተኝ። እሱ ግን ገብቶታል መሰለኝ፣ እራት በልቶ ሄደ።

ጭነቱን አሁንም እኔው አስራለሁ። ትርፉን እሱ ይቁረጥ። ቁልፉን ግን ከእንግዲህ አልጠይቀውም።