ስለ ጋሽ ካርታ ህልፈትና ለቅሶ ስለሚደረስበት ቦታ

የተፈጥሮ አደጋ መረጃ ተከታታዮች ማህበር፣ ከመስራቾቹ አንዱ የነበሩትና ሁላችንም «ጋሽ ካርታ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ የካርታ ባለሙያ ባደረባቸው የልብ ህመም ትናንት ማለዳ በሆስፒታል ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቻቸውና ለከተማው ነዋሪ በጥልቅ ሀዘን ያስታውቃል። አንጀታችን አሯል፤ ከዚህ የተሻለ የመስሪያ ቤት ቃል አላገኘንለትም። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ዛሬ ረፋድ ላይ በዝናብ ውስጥ ተፈጽሟል።

ጋሽ ካርታ ዕድሜያቸውን በመሬት ቅየሳ ሥራ አሳልፈው በጡረታ ሲገለሉ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። የሜትሮሎጂ መስሪያ ቤት የዝናቡን መጠን፣ የውሃ መስሪያ ቤት የወንዙን ከፍታ፣ የጂኦሎጂ መስሪያ ቤት የአፈሩንና የተዳፋቱን ሁኔታ ለህዝብ ክፍት አድርገው በድረ ገጻቸው ያወጡ ነበር። «ክፍትስ ክፍት ነው፤ ማን ገብቶ አየው?» አሉና ማህበሩን አቋቋሙ። በየማለዳው ሦስቱንም መረጃ ሰብስበው ማንም ሰው በሚገባው አንድ ካርታ ላይ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ያሰፍሩት ጀመር። ካርታው በአውቶቡስ ፌርማታዎችና በጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ በስልክም ይላካል።

ማህበሩ በተመሰረተ በሁለተኛው ዓመት ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ፣ የዳርቻው ነዋሪዎች ካርታውን አይተው ዕቃቸውን ጭምር አሽሽተው ነበር። የዚያን ሰሞን ጋሽ ካርታን የማይመርቅ አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት አዲስ የተዳፋት ጥናት ይፋ ሆነ። ጋሽ ካርታ ጥናቱን ከዝናቡ መረጃ ጋር ሲያገናኙት የኮረብታው ሰፈር የመናድ አደጋ ያለበት ቀይ ሆነ፤ የራሳቸው ቤትም መሐሉ ላይ ነበር። ቤቱን ለመሸጥ ገዢ አግኝተው ለውል የተቀጣጠሩት በዚያው ሳምንት ነው። ካርታውን ግን በዕለቱ አወጡት፤ ለገዢውም አንዱን ቅጂ በእጃቸው ሰጡት። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ባለቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ ቤታችንን በቁሙ ቀበርከው እኮ!» እንዳሏቸው እየሳቁ ይነግሩን ነበር። ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኮረብታው ላይ ቤት የሚገዛም የሚከራይም ጠፋ። በጡረታ ደሞዝ ሌላ ቦታ መከራየት የሚታሰብ አልነበረምና ጋሽ ካርታ ቀይ ብለው ባቀለሙት ቦታ ኖሩ። መውጫ ያጣው ሰፈርተኛም በእርሳቸው ፈረደ። «ሟርተኛው» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ሰላምታውም ቀረ፤ ደጃፋቸውን የሚረግጥ ጎረቤት ታጣ።

እርሳቸው ግን አልተቀየሙም። ዝናቡ ለኮረብታው ያሰጋል ብለው ካስቀመጡት ወሰን ባለፈ ቁጥር ድምጽ ማጉያ ይዘው በር ለበር እየዞሩ ሰዉን ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያወርዱ ነበር። ኮረብታው ሳይነቃነቅ ሲያድር «ሟርተኛው እንቅልፍ ነሳን!» ይባላል። ካቻምና ግን ተዳፋቱ ተንዶ ሦስት ቤቶች ይዞ ሲወርድ፣ ሰዎቹ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም። ያኔም ሄዶ ያመሰገናቸው የለም፤ ይሉኝታ ይዞት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከትናንት በስቲያ የጀመረው ዝናብ አላባራም። ዛሬ ጠዋት በወጣው መረጃ መሰረት መጠኑ ጋሽ ካርታ ካስቀመጡት ወሰን አልፏል። ኮረብታው ቀይ ነው፤ ማንም ሰው እዚያ መቆየት የለበትም። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ወርዷል። ባለቤታቸው ግን ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ወጥተዋል። ስልክ ደውለን ብንለምናቸው የመለሱልን ቃል በቃል ይህ ነው፦ «እሱን ሟርተኛ እያሉ ደጄን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ዛሬ ሊያለቅሱለት እየመጡ ነው። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅኩት! በሬን ዘግቼ ልውረድላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። ሰፈርተኛው ከወረደበት እየተመለሰ ለቅሶ ሊደርስ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እርሳቸው ለቀስተኛ ስለሚመጣ አይወርዱም፤ ለቀስተኛውም እርሳቸው አልወረዱምና ይወጣል።

ስለሆነም ማህበሩ ህዝቡን አጥብቆ ይለምናል፤ ወደ ኮረብታው አትውጡ። «ለቅሶ አትድረሱ» ማለት ነውር መሆኑ ጠፍቶን አይደለም፤ ለጠላት እንኳ ይደረሳል። ነገር ግን ዛሬ በዚያ በር የሚገባ ሰው ሁሉ እኚህን ሴት እዚያው ያስራቸዋል። ልታለቅሱላቸው የወደዳችሁ፣ ይቅርታ ልትጠይቁም የመጣችሁ፣ ወደ ማህበሩ አዳራሽ ኑ። በመንገድ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ካያችሁም እጁን ይዛችሁ መልሱት።

ማህበሩ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለአባላትና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

ለባለቤታቸው ግን ከዚህ ሆነን የምንመኝላቸው ነገር የለም። እትዬ፣ አዳራሹ ተከፍቷል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ሻይ ተፈልቷል። ከመንገድ የተመለሱት ጎረቤቶችዎ በጭቃ እግራቸው እየገቡ ነው፤ በበሩ በኩል እርስዎን ይፈልጋሉ። እባክዎ ይውረዱልን። «ያጽናዎት» የምንለው ሰው አጥተን ቆመናል።