ከኮረብታው ጀርባ ያለችው ሻምበል

ለውዷ ልጄ ለኪርስቲ፣

ሰላምታዬ ያለሽበት ጦር ሰፈር ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ዝናቡም እንደምታውቂው ነው።

ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሐሙስ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እየሄድኩ፣ አውራ ጣት በሚያካክሉ የአሻንጉሊት ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ጦርነት መጫወት ጀምሬአለሁ። ሻለቃ ጦር እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምረኝ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ኖርማን ነው። ሻለቃው ሦስት ሻምበል ጦር አለው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ይዋጋሉ፤ ሦስተኛዋ ከኮረብታው ጀርባ ትቆይና ጠላት ሲደክም ትገባለች። ወታደሮቼን ቀለም የቀባኋቸው ራሴ ነኝ። የሦስተኛዋን ሻምበል መለዮ ያንቺን አስመሰልኩት።

ባለፈው ሐሙስ የኖርማን ጦር ደከመ። እሱው ራሱ አዘነልኝና፣ «አስገባት እንጂ ሌን! ለሰርግ ነው እንዴ የምታስቀምጣት?» አለኝ።

«ትንሽ ትቆይ» አልኩት።

እሱ ጦሩን አሰባስቦ ድባቅ መታኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ያስተማርኩህን ሁሉ ውሃ በላው!» እያለ ሻይ ቀዳልኝ። ልክ ነው፤ ሁለቱ ሻምበሎች አልቀዋል። ከሦስተኛዋ ግን አንድም ሰው አልጎደለም። ወደ ቤት አምጥቼ አልጋሽ አጠገብ ደርድሬአቸዋለሁ።

ሲመችሽ ሁለት መስመር ጣል አድርጊልኝ፤ «አለሁ» ብቻም ቢሆን ይበቃኛል።

አባትሽ ሌን